«ዕድሜሽን ሙሉ መርፌ ስትወጊ ልትኖሪ ነው?» ክሊኒካል ነርስነት በጎጃም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን እየጨረስኩ ነው። ውጤቴ ነርሲንግ ያስገባኛል። አባቴ ‹ዕድሜሽን ሙሉ መርፌ ስትወጊ ልትኖሪ ነው?› ይለኛል። ጓደኞቼ ሌሊቱ ይከብዳል፣ ደመወዙም አያወላዳም ይላሉ። እዚሁ ጎጃም ውስጥ ክሊኒካል ነርስ ሆኖ መሥራት በእውነት ምን ይመስላል?»

እህቴ፣ መርፌው ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። እጅ በልምምድ ቶሎ ይለምደዋል። ዓመታት የሚፈጀው አልጋ ላይ ያለው ሰው እየከፋበት መሆኑን ከማንም ቀድሞ ማየት፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ደግፎ ማቆየት፣ ያዩትንም ሳያዛቡ መንገር ነው። ሐኪም ዋርድ (የሕመምተኞች መኝታ ክፍል) ውስጥ ራውንድ ዞሮ ይወጣል፤ ሕመምተኛው አጠገብ ሌት ተቀን የምትውለውና የምታድረው ነርስ ናት። ሙያው ይስማማሽ እንደሆነ በዚህ ለኪው።

መግቢያውን ባጭሩ ልንገርሽ። በዲግሪ የምትማሪ ከሆነ ትምህርቱ በጠቅላላው አራት ዓመት ነው፤ ስትጨርሺ የመውጫ ፈተና፣ ቀጥሎ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቅሻል። ሁለቱን ካላለፍሽ አትቀጠሪም። በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ 4 የሚገቡት ደግሞ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናሉ። አካባቢሽ ለልምምድ አያንስም፤ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። በልምምድ ዘመንሽ ግን የሆስፒታሉ ትልቅነት አያታልሽ። ተማሪ በተጨናነቀበት ትልቅ ሆስፒታል ጥግ ቆመሽ አይተሽ ትመለሺያለሽ፤ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ግን ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባቱ፣ ቁስል ማጠቡ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) መትከሉ ሁሉ በራስሽ እጅ ይደርሳል።

ተመርቀሽ ጤና ጣቢያ ብትመደቢ ሥራው ከሆስፒታሉ ይለያል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። ዛሬ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ክፍል፣ ነገ ክትባት፣ በሚቀጥለው ወር የቲቢና የኤችአይቪ ክትትል ላይ ትሆኛለሽ። በብዙዎቹ ሐኪም የለም፤ ከጤና መኮንኑ ጋር ሆነሽ የምትመረምሪው፣ የምታክሚው፣ ሪፈር (ወደ ሆስፒታል መላኪያ) የምትጽፊውም አንቺ ነሽ። ሆስፒታል ውስጥ ግን በአንድ ዋርድ ተወስነሽ ጠለቅ ብለሽ ትሠሪያለሽ።

የዋርዱ ቀን በርክክብ ይጀምራል። ርክክብ ከአልጋው አጠገብ ካልሆነ አትቀበይ። ጠረጴዛ ላይ «ሁሉም ደህና ናቸው» ተብሎ የተረከበ ዋርድ ውስጥ ግሉኮሱ ያለቀበት፣ ካኑላው ያበጠበት፣ ከሌሊት ጀምሮ ሽንት ያልሸናም ሰው አይጠፋም። አልጋ በአልጋ እየዞርሽ ፊቱን እዪ፣ እጁን ንኪ፣ ካኑላውን ተመልከቺ፣ የሽንት ከረጢቱን አንብቢ፣ ካርዱን ግለጪ። «እግዜር ይማርዎ፣ እንዴት አደሩ?» ስትያቸው የሚመልሱልሽ መልስ ራሱ ምርመራ ነው። ትናንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ የነበሩ አዛውንት ዛሬ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ከቆረጣቸው ገና መሣሪያ ሳታነሺ አንድ ነገር አውቀሻል።

ከሥራው ሁሉ በብዛት የሚበላሸው ቀላል የሚመስለው ቫይታል ሳይን፣ ማለትም የትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሙቀት ልኬት ነው። አንዳንድ ቦታ የክትትሉን ወረቀት ብትገልጪ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ተብሎ ተሞልቶ ታገኛለሽ። ያ ቆጠራ አይደለም፣ ግምት ነው፤ ሰው የሚገድል ግምት። የደም ግፊት ከመውረዱ ከሰዓታት በፊት ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ይፈጥናል። ሕመምተኛው መቆጠሩን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር፣ የልብ ምቱን ቆጥረሽ ስትጨርሺ እጁን ሳትለቂ ደረቱን እያየሽ 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሪ። የአዋቂ ከ12 እስከ 20 ነው፤ 25 ከደረሰ ደጋግመሽ እዪው፣ 30 ከሞላ ሐኪም ይጠራል። ሕፃን ላይ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

የደም ግፊቱም ላይ ሕዝባችንን የሚመለከት ነገር አለ። በጋቢና በሹራብ ላይ የታሰረ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠቀለለው የመለኪያው ጨርቅ) ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ ክንዱ ይገለጥ፣ ከልብ ትይዩ ይደገፍ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከሩቅ ቀበሌ ዳገት ወጥተው የመጡትን እናት ቢያንስ 5 ደቂቃ አስቀምጠሽ ካላሳረፍሽ የምትለኪው የመንገዱን ድካም ነው። በዚያ ቁጥር የደም ግፊት መድኃኒት ከተጀመረላቸው ጥፋቱ ለዓመታት ይከተላቸዋል።

መድኃኒት መስጠት ላይ ሁለት ሰዓት ያለን ሕዝብ መሆናችን ራሱን የቻለ አደጋ አለው። በየ6 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት በፈረንጁ ሰዓት 6፣ 12፣ 6፣ 12 ላይ ይውላል፤ በእኛም ሲቆጠር 12፣ 6፣ 12፣ 6 ነው፣ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። አንዱ «6 ሰዓት ላይ ተሰጥቷል» ብሎ ፈርሞ ከሄደ ማለዳ ይሁን ቀትር ማንም አያውቅም፤ ተረካቢዋ ወይ ትደግመዋለች ወይ ታስቀረዋለች። ስለዚህ ዋርዱ በአንድ ሰዓት ይስማማ፤ ካልሆነም ከቁጥሩ አጠገብ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት ብለሽ ጻፊ።

ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ በየቀኑ ትሰጫለሽ። አንድ ግራም ለደም ሥር ሲሆን በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይበጠበጥና ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ወስዶ በቀስታ ይገባል። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ ከሚወርድበት መስመር ጋር አታገናኚው፤ ሪንገሩ ካልሲየም ስላለው ተዋሕደው ዝቃጭ ይሠራሉ። ለጡንቻ ሲሆን ሕመሙን ለመቀነስ በሊዶካይን (ማደንዘዣ) ይበጠበጣል፤ ያንን ሲሪንጅ ግን በምንም ምክንያት ደም ሥር ውስጥ አታስገቢው። ፖታሺየም ክሎራይድ ደግሞ ሳይቀጠን በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል፤ ስለዚህ ከሌሎች ብልቃጦች ጋር በአንድ ትሪ አይቀመጥ።

ሒሳብ አትፍሪ፤ ግን አትናቂውም። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለና ማንጠልጠያው (ጠብታው የሚወርድበት ቱቦ) በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ ወደ 42 ነው፤ በ15 ሰከንድ ከ10 እስከ 11 ትቆጥሪያለሽ። የማንጠልጠያውን ማሸጊያ ሳታነቢ አትቁጠሪ፤ 15 የሚልም፣ ለሕፃን የሚሆን 60 የሚልም አለ። አስተካክለሽ ሄደሽ ስትመለሺ ሌላ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ሕመምተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ይቆማል፣ አስታማሚው ደግሞ ቶሎ ያልቅላቸው ብሎ መቆጣጠሪያውን ይከፍተዋል። ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኛ ያ ደግነት ሳንባውን በውኃ የሚሞላ ነው። መቆጣጠሪያው ለምን እንደማይነካ ለአስታማሚው ንገሪው፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው አይነካም።

ከክረምት መውጫ ጀምሮ ከጃዊና ከዓባይ በረሃ አካባቢ የጠና ወባ ይመጣል፤ ለቀን ሥራ ቆላ የወረዱ የደጋ ልጆችም አብረው። ለጠና ወባ የሚሰጠውን መርፌ፣ አርቴሱኔትን፣ ስታዘጋጂ ስህተቱ የት እንደሚገባ ልብ በይ። 60 ሚሊ ግራም ዱቄት ባለው ብልቃጥ ውስጥ አብሮት የመጣውን 1 ሚሊ ሊትር ባይካርቦኔት ጨምረሽ ጥርት እስኪል ታወዛውዥዋለሽ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ትጨምሪበታለሽ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው። ይህ ለደም ሥር ነው። ለጡንቻ ከሆነ በ5ቱ ፈንታ 2 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይጨመራል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ይሆናል። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ወይ እጥፍ ወይ ግማሽ ይሰጣል። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 2.4 ነው። 14 ኪሎ ሕፃን 42 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ በደም ሥር 4.2 ሚሊ ሊትር። በአዋቂው ስሌት የሠራ 33.6 ብቻ ይሰጥና ልጁን ለወባው ተሐዋሲ ይተወዋል። ልጁን በሚዛን መዝኚ እንጂ በዓይን አትገምቺ። ከተበጠበጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጥ፤ ከደፈረሰ ይደፋ። መልሶ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ይደገማል፤ መዋጥ ሲችል ሙሉ የሦስት ቀን ኮአርተም (የሚዋጥ የወባ መድኃኒት) ይከተላል። እናቲቱን ስታሰናብቺ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ልጁ ቢገረጣ ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ቶሎ እንድትመልሰው ንገሪያት፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ የደም ማነስ አለ።

በመጽሐፍ ብዙ የማታገኚው፣ በእኛ አገር ግን በየቀኑ የሚገጥምሽ ጾሙ ነው። የስኳር ሕመምተኛው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች የሚባለውን ኢንሱሊን ይወጋል፤ ሁዳዴ ነውና እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ይህ ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባጠር ይመጣል፤ ዘመድም ሌላ ነገር መስሎት ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። በክትትል ቀን «ይጾማሉ ወይ? በስንት ሰዓት ይቀምሳሉ?» ብሎ መጠየቅ የነርስ ሥራ ነው። አትገሥጪ፤ ቁጣ የሚያተርፈው መደበቅን ብቻ ነው። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ንገሪ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን እስኪያስተካክል በራሳቸው እንዳይቀያይሩም አስጠንቅቂ። የደም ስኳር ከ70 በታች ሆኖ ሰውየው የሚውጥ ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ልኬት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይደረግ፤ 40 ከመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ነው። ሲሪንጁንም እዪው፤ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሆነ ኢንሱሊን ለ40 ዩኒት በተሠራ ሲሪንጅ ከተቀዳ ሁለት እጥፍ ተኩል ይገባል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቆ ማስቀመጥ ይችላል።

ጸበልም እንዲሁ። መድኃኒቱን አቁሞ ጸበል የገባ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ ሕመምተኛ ይገጥምሻል። ሁለቱን አታጣያቸው። «ጸበልዎን ይጠመቁ፣ ይጠጡም፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጡ» የሚል ምክር የሚሰማ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህንኑ ሲመክሩ ይሰማል። ጸበሉ ሩቅ ከሆነ የሚቆዩበትን ቀን ጠይቀሽ የሚበቃቸውን ያህል መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ አስተካክዪ።

ጎጃም ደጋው ላይ ዝሆኔ ብዙ ነው፤ ቀዩን አፈር ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው። ሰዎቹ እግራቸውን ጋቢ ስር ደብቀው ለሌላ ሕመም ነው የሚመጡት። አንቺ ጠይቂ፣ ተቀምጠሽም እግሩን በእጅሽ ይዘሽ አሳዪ፤ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ደርቆ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ሲቀመጡና ሲተኙ እግሩ ከፍ ይበል። እንዲህ ሲያዝ እብጠቱም ሽታውም ይቀንሳል፤ ሰውየው ቤተ ክርስቲያንና ሰንበቴ መሄድ ይጀምራል።

እንጅባራና ዳንግላ ብትመደቢ ደግሞ አዊኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች ይገጥሙሻል። ለማሕፀንና ለሽንት ጉዳይ ልጃቸውን አስተርጓሚ አታድርጊ፤ አይነግሩሽም። አዊኛ የምታውቅ የሥራ ባልደረባ ፈልጊ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ፈረቃው በብዙ ቦታ 12 ሰዓት ነው፤ ሃያ እና ከዚያም በላይ ሕመምተኛ ለአንዲት ነርስ የሚተርፍበት ሌሊት አለ። ፈረቃ ስትይዢ በመጀመሪያ ኦክስጅኑን እዪ። ኦክስጅን የሚሠራው ማሽን መብራት ሲሄድ ይቆማል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደቀረው፣ መክፈቻ ቁልፉም የት እንዳለ ሳይመሽ እወቂ። በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ሰው ያሳጣል። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሊትር ይሰጣል፤ በማስክ ከሆነ ከ5 ሊትር በታች አታድርጊ፣ ያወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። መነሣት ለማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማገላበጥ አለ፤ ብቻሽን አይሆንም፣ አስታማሚውን አስተምሪው። ራሱን ያላወቀ ሰው አፍ ውስጥ ግን አጥሚት በማንኪያ እንዳይጨምር አጥብቀሽ ከልክይ። ፍቅር ነው የሚያስደርገው፤ የሚገባው ግን ወደ ሳንባ ነው።

ሕመምተኛ ሲከፋብሽ ስልክ ላይ «ዶክተር፣ አንድ ሕመምተኛ ደክሟልና ይምጡ» አትበዪ። እንዲህ በይ፦ «ሜዲካል ዋርድ አልጋ 7፣ የ45 ዓመት ሴት፣ በሳንባ ምች ትናንት የተኛች። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግፊቷ 110 በ70 ነበር፣ አሁን 85 በ50 ነው። ልብ 128፣ ትንፋሽ 32፣ የደሟ ኦክስጅን 86 ከመቶ። ከማታ ጀምሮ የሸናችው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ኦክስጅን ጀምሬያለሁ፣ አረንጓዴ ካኑላ ገብቷል፣ ስኳሯ 104 ነው። መጥተው እንዲያዩአት እፈልጋለሁ፤ እስኪደርሱ ፈሳሽ ልጀምር?» ይህን የሰማ ሐኪም ተነሥቶ ይመጣል። የተነገረሽን ትእዛዝ ድገሚና አረጋግጪ፣ ሰዓቱን ጨምረሽ ካርዱ ላይ ጻፊ።

ስለ ራስሽ ጤና። ተማሪ ሳለሽ የጉበት በሽታ ቢ ክትባትን ሦስቱንም ጨርሺ፤ የመጀመሪያው፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። የተጠቀምሽበትን መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፤ ብዙው መወጋት እዚያ ላይ ነው የሚደርሰው። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ከተወጋሽ ሳትጨምቂ በሳሙናና በውኃ እጠቢና በዚያው ሰዓት ለኃላፊሽ አስታውቂ። የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይረዳም፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አፍሮ መደበቅ ነው ትልቁ ጉዳት። የሚያስል ሰው የተኛበትን ክፍል መስኮት ብርድ ነው ብለው ይዘጉታል፤ አንቺ ክፈችው።

ስለ ገንዘቡ ጓደኞችሽ አልዋሹም። የመንግሥት ጀማሪ ደመወዝ ከኑሮው ጋር አይመጣጠንም፤ የትርፍ ሰዓት የዱቲ (ተረኛ ሆኖ የማደር) ክፍያም በየቦታው በወቅቱ አይደርስም። ብዙዎች ከሥራ ሰዓት ውጪ በግል ክሊኒክ ይደጉማሉ፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ በቀጥታ ሌላ ፈረቃ መግባት ግን የመድኃኒት ስህተት የሚወለድበት ነው፤ ብታደርጊውም በመካከሉ ተኝተሽ ይሁን። ቅጥርም እንደ ድሮው ተመርቆ የሚገኝ አይደለም፣ ውድድር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ይዘገያል፣ ሪፈር የተጻፈለት ሰው አምቡላንስ አጥቶ እጅሽ ላይ ያድራል። ይህን ሳትሰሚ እንድትገቢ አልፈልግም።

ዕድገቱ ግን አለ። ከጥቂት ዓመት አገልግሎት በኋላ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በሕፃናት፣ በአዋቂዎች ጤና ወይም በቀዶ ሕክምና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። የወደፊቱን እያሰብሽ ከሆነ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ በየትም ቦታ ይፈለጋል።

ደም ማየት የሚያስፈራሽ ከሆነ እሱ ያልፋል፤ ብዙዎች በመጀመሪያው ወር ይለምዱታል። የማያልፈው ሌላ ነው። ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መፈረም የሚቀልለው፣ ሲደክመው ሰው ላይ የሚጮህ፣ ያላወቀውን መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ይህን ሥራ ባይገባበት ለሕመምተኛውም ለራሱም ይሻላል። አንቺ እንዲህ ካልሆንሽ ግቢበት እላለሁ፤ ለአባትሽም ይህን ጽሑፍ አንብቢላቸው።

የትምህርት ክፍል ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ለዕረፍት ደምበጫ ስትመለሺ ጤና ጣቢያው ሄደሽ ኃላፊውን አስፈቅጂ፤ ሁለት ጠዋት ሕፃናት ክፍል ተቀምጠሽ ተመልከቺ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነርሷ ስንት ልጅ እንደምታይ፣ የስንቱን ትንፋሽ ቆጥራ እንደምትጽፍ እዪ። ከዚያ የተረፈሽ ጥያቄ ካለ በዝርዝር ጻፊልኝ።